ፊትሽን ካላየሽበት ገና ነው

መልእክቱ የደረሰኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከሥራ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ረሆቮት ባቡር ጣቢያ አጠገብ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ፔሌፎኔ፣ የእጅ ስልኬ ማለቴ ነው፣ ጭኔ ላይ ተንቀጠቀጠ። የጻፈው የጋሼ ፈረደ የመጨረሻ ልጅ ነበር፤ በዕብራይስጥ፣ በአንድ መስመር፦ «አባቴ ዛሬ ከሰዓት አረፈ።» ከሥሩ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ጨምሮበታል። ልጁን አልተቀየምኩትም። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው፤ ፔሌፎኑ ውስጥ ስሙ ለተመዘገበ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ልኮት ይሆናል።

እኔ ግን ስልኩን አጠፋሁና ከቦርሳዬ ሥር፣ ከገዛሁት ቲማቲም በታች ወሸቅኩት። አልሰማሁም አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ፤ ድምፄ ወጥቶ ኖሯል። ቤት ገብቼ እራት ሠራሁ፣ ልጆቼን አበላሁ፣ ባለቤቴ «ምነው፣ ፊትሽ ልክ አይደለም» ሲለኝ «ራሴን ነው» አልኩት። እንባ አላወጣሁም። ሐዘንን እንዲህ ይዞ ማደርን ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሼ ፈረደ ናቸው። እንዴት እንዳስተማሩኝ ልንገራችሁ።

የተዋወቅነው የሁለት ሺዎቹ ዓመታት ሲጀምሩ ነው፤ ከረሆቮት ወደ ቂርያት ዔቅሮን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ። ባለቤቱ ኦቫድያ የሚባል፣ ክፋር ማርሞሬክ የሚባለው ሰፈር ሰው፣ የመናዊ ነበር። ረሆቮት ባሕር የላትም፤ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ግን ሞልተዋል። ጀልባቸውን አሽዶድ ይወስዱና ተጎታቹን እስከ ወገቡ ባሕር ውስጥ ነክረው ጀልባዋን ያወርዳሉ። ከዚያ ያንን የአሉሚኒየም ተጎታች፣ እኛ በዕብራይስጡ «አጋላ» የምንለውን፣ ጨው እንደለበሰ ያመጡልናል። የእኔ ሥራ ማጠብና የመብራቱን ሽቦ መጠገን ነበር። ኦቫድያ ጎማውንና ኩሽኔታውን ይፈታል፣ ግራሶ ይቀይራል። መወልወሉ የጋሼ ፈረደ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካባቸው አይፈልጉም።

ጋሼ ፈረደ ያኔ ወደ ስድሳው የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገረኛ ሰው ነበሩ። አገር ቤት ሳሉ ጎንደር ከተማ ጋራዥ ሠርተዋል። ደንበኛ መጥቶ «አሉሚኒየም አይዝግም ብለውኝ ነው የገዛሁት» ካለ አለቀለት። «አይዝግም፣ ይሻግታል» ይሉና ጣቱን ይዘው ነጩ ነጠብጣብ ላይ ያስዳስሱታል። ዓርብ ባሕር ነክሮ እሑድ የሚያመጣ ሰው ደግሞ የባሰ ያናድዳቸዋል። «ጨው ሰንበት አያውቅም» ይሉታል በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው። ሰውዬው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም።

አሠራራቸው ትዕግሥት ያስጨርሳል። እኔ ካጠብኩት በኋላ እንደገና ያጥቡታል፤ ይህን ነገር ለመቻል አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየነከሩ ከሻካራው ወደ ለስላሳው ይፈትጉታል። ከዚያ መወልወያውን ቅባት ይቀቡና የጥጥ ጎማ የገጠሙበትን ማሽን ያስነሳሉ። ያኔ ብረቱ ከል የመሰለ ጥቁር ያወጣል፤ እጃቸውም ፊታቸውም ይጠቁራል። ያንን ጥቁር የሚያነሡት በፉርኖ ዱቄት ነው። ዱቄቱን በነጭ ጨርቅ ይዘው ሲያሹት እድፉን ይጠጣል። ሚስታቸው እትዬ ጥሩ አንድ ቀን ምሳ ይዘው መጥተው ይህን ሲያዩ «እህል ለብረት?» ብለው ተቆጥተዋል። ጋሼ ፈረደ ግን የዱቄቱን ጣሳ ከራሳቸው ምሳ በላይ ይጠነቀቁለት ነበር።

በመጨረሻ እኔን ይጠሩኛል። «ነይ፣ እይ።» ጎንበስ ብዬ አያለሁ። «ትታያለሽ?» «ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ጋሼ።» «እንግዲያው ተይው። ፊትሽን ካላየሽበት ገና ነው።» ሥራው ካማረላቸው ከኪሳቸው ማበጠሪያ ያወጡና፣ የሰው አጋላ ላይ ጎንበስ ብለው ያችን የቀረች ጠጉራቸውን ያበጥራሉ። ይህን ሳያደርጉ ያስረከቡት አጋላ አላስታውስም።

የግራ ጆሯቸው ደክሞ ነበር። በዚያ ላይ ማሽኑ ሲጮህ ምንም አይሰሙም። አንድ ጊዜ ኦቫድያ ከኋላ መጥቶ ትከሻቸውን ሲነካቸው ደንግጠው ማሽኑ ከእጃቸው ወጣ፤ መሬት ላይ ሲወራጭ ኦቫድያ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ፈረደ ከአንድ አሮጌ አጋላ የተነቀለ ፓራፋንጎ፣ ያ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ክዳን ማለቴ ነው፣ አንስተው መስተዋት እስኪሆን ወለወሉት። ከሚሠሩበት ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። በሩን፣ ግቢውን፣ እኔ የማጥብበትን ቦታ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ያዩበታል። ሳይዞሩ «ትርንጎ፣ ውሃው ይፈሳል» ሲሉኝ መጀመሪያ እደነግጥ ነበር። በኋላ ለመድኩት፤ ከለመድኩት በኋላም ረሳሁት።

የኦቫድያ እናት የሞቱ ጊዜ ሁለታችን ማርሞሬክ ለቅሶ ደረስን። ሺቭዓ፣ የሰባት ቀን ሐዘን፣ የተቀመጡበት ቤት መስተዋቱ ሁሉ በአንሶላ ተሸፍኖ ነበር። ጋሼ ፈረደ እኛ ዘንድ ይህን ስላላዩ ጠየቁ፤ የኦቫድያ እህት «ሐዘንተኛ ፊቱን አያይም» አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በእግራችን ስንመለስ ድንገት ቆም አሉ።

«አባቴ የሞተ ጊዜ» አሉኝ፣ «በአውሮፕላን ከመጣን ጥቂት ወር ሁኖን ነበር። ሆቴል ውስጥ ነው ያስቀመጡን። አንዱ የቢሮ ሰው ኮሪደር ላይ ጠራኝ። አስተርጓሚው ‹ፈረደ፣ አባትህ አገር ቤት ሞቷል› አለኝ፤ ቁሜ እንዳለሁ። በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁና ‹አመሰግናለሁ› አልኩ። ይገርምሻል፣ አመሰገንኩ። ክፍሌ ገብቼ ላልቅስ ብል እምቢ አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እምቢ እንዳለኝ ነው።»

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ወገን ከያለበት ይሰበሰባል፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገብተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይናገራል፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ፣ ሲጮህ አብሮት የሚጮህ ሰው ይኖረዋል። እሳቸው ይህን ሁሉ ያጡት በአንድ አረፍተ ነገር ነው።

«አሁን የቀረችኝ ብርቄ ናት» አሉ መንገዱን እያዩ። «የሷን እንዲህ ከምሰማ እኔ ልቅደም።»

ብርቄ ታላቅ እህታቸው ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ጎንደር ቁጭ ብላ የመምጫ ፈቃድ ትጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ነገ እየተባለች ዓመታት አለፉ። ጋሼ ፈረደ ቤታቸው ውስጥ አልጋ ገዝተውላታል። ፍራሹ ላይ የነበረውን ላስቲክ ማንም እንዲያነሳው አልፈቀዱም። «ራሷ ትቅደደው» ይላሉ። እንግዳ በዚያ አልጋ ላይ ሲቀመጥ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፤ እሳቸው ፊታቸው ይበራል።

እንግዲህ ያን ቀን ሐሙስ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ሻራቭ የሚባለው የበረሃ ንፋስ የሚያነድበት ቀን። ሻሎሚ የሚባል ደንበኛ ትልቅ አጋላ አምጥቶ ነበር፤ ዓርብ ባሕር ስለሚወርድ በአሥር ሰዓት እወስዳለሁ ብሏል። ጋሼ ፈረደ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋሉ። እኔ የሌላውን ጨው አጥባለሁ። ፔሌፎኔ ጮኸ። አባ ይርጋ ነበሩ፤ የእትዬ ጥሩ ወንድም፣ ለሽምግልና ከሁሉ በፊት የሚጠሩ ሰው።

«ትርንጎ፣ ከፈረደ ራቅ ብለሽ ነው ያለሽ?»

«አዎ፣ አባ ይርጋ።»

«ብርቄ አርፋለች። ትናንት፣ ጎንደር።»

የውሃው ጎማ ከእጄ ወደቀ። ሌላኛው እጄ ሳላውቀው አናቴ ላይ ወጥቷል። ወዲያው አወረድኩት።

«ስሚኝ» አሉኝ። «ሰው ከቤር ሼቫም ከነታንያም ይመጣል፤ ዛሬ አይደርስም። ነገ ጎሕ ሲቀድ እናረዳዋለን። እስከዚያ ወሬው እንዳይደርሰው። ፔሌፎኑን ያዥበት። ቤቱም ቶሎ እንዳይመጣ፤ ሴቶቹ ፊታቸውን መያዝ አልቻሉም። በእግዜር፣ የአባቱ ዓይነት እንዳይሆን።»

«ቤሰደር፣ እሺ» አልኩ።

የእሳቸው ፔሌፎን መደርደሪያው ላይ፣ ከዱቄቱ ጣሳ ጎን ነበር። ፊቴን በውሃ ታጥቤ፣ ሰው መስዬ ጠጋ አልኩ። «ጋሼ፣ የኔ ባትሪ አልቋል። የልጆቹ ትምህርት ቤት ልደውል ነበር።»

ቀና ሳይሉ «ያዥው» አሉኝ። «ዛሬ የሚደውልልኝ የለም።»

ከግድግዳው ጀርባ ሄጄ ባትሪውን አወጣሁት። ሌላ ጊዜ ያን ስልክ ለሰው ከመስጠታቸው በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ያን ግን ያኔ አላሰብኩትም።

ለኦቫድያ መንገር ነበረብኝ፤ ካልነገርኩት አንድ ነገር ሊልካቸው ወይም ቤት ሊሸኛቸው ይችላል። ቢሮው ገብቼ በሩን ዘጋሁ። «የጋሼ ፈረደ እህት ሞታለች። እሳቸው አያውቁም። አንተም አታውቅም።»

ኦቫድያ ብድግ አለ። «ምን ማለት ነው አላውቅም? ሰውዬው ሺቭዓ መቀመጥ አለበት። እዚህ ቁሞ ብረት ሲፈትግ እያየሁት ዝም ልል?»

«ነገ ጠዋት ሽማግሌዎች ይነግሯቸዋል።»

«ነገ? የእናቴን ሞት አንድ ሰው አንድ ቀን ቢደብቀኝ ዕድሜ ልኬን አላናግረውም።»

«ለአንተ አይደለም።»

«ሰው ነው፣ ቲኪ። የማወቅ መብት አለው።» ስሜን መጥራት ስለማይሆንለት ቲኪ ነው የሚለኝ። እንዲህ ብሎኝ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ኦቫድያ ደግ ነው፤ ሊነግራቸው የሮጠውም ከደግነቱ የተነሳ ነው። ተሽቀዳድሜ በአጋላውና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ቆምኩበት። ጋሼ ፈረደ ማሽኑን አስነስተው ነበር፤ ጀርባቸው ወደ እኛ ነው። አፌን ጆሮው ላይ አደረግሁ።

«ያለ ወገን አንዴ ሰምተዋል። ኮሪደር ላይ። ያላለቀሱት ልቅሶ እስካሁን ውስጣቸው ነው። ዛሬ አንተ ብትነግራቸው ምን እንደሚሉህ ልንገርህ? ‹አመሰግናለሁ› ነው የሚሉህ። ከዚያ ዞረው ብረታቸውን ይወለውላሉ። ይህን ትፈልጋለህ?»

ላቡ በጉንጩ ይወርዳል። «ቢያንስ ማሽኑን አያንሳ» አለ በመጨረሻ። እሱም ሄዶ «ፈረደ፣ ዛሬ ሙቀት ነው፣ ያላ፣ እንሂድ፣ በቃን» አላቸው። ጋሼ ፈረደ ማሽኑን አጥፍተው «ከሞቀህ አንተ ሂድ» ብለውት እንደገና አስነሱት።

ያ ቀን እንዴት እንደዋለ እኔ ነኝ የማውቀው። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። መኪና ውጭ ሲቆም ወሬ ያመጣ ዘመድ ይመስለኛል። ከሰዓት በፊት ማሽኑ የብረቱን ጠርዝ ነክሶ ከእጃቸው ተፈናጠረ። ጮህኩ። አነሱትና አውራ ጣታቸውን መጠጡ፤ ደምቷል። «ዳጠኝ» አሉ። እንዲህ ሲያደርጋቸው ኦቫድያ ትከሻቸውን ከነካበት ቀን ወዲህ አላየሁም። ምሳ ሰዓት ሳህናችንን ይዘን ተቀመጥን። እሳቸው አልበሉም፣ እኔም አልበላሁም። ሁለታችንም ሙቀቱን ወቀስን።

ሻሎሚ ሰዓቱን ጠብቆ ከተፍ አለ። አጋላው ገና ጠረጴዛው አጠገብ እንደቆመ ሲያይ ግቢውን በጩኸት ሞላው፤ ነገ ባሕር እንደሚወርድ፣ ቃል እንደተገባለት፣ እንዲህ ያለ ቦታ አይቶ እንደማያውቅ። ኦቫድያ ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው። እኔ ማጠቢያው ጋ ሆኜ ነው የማያቸው። ኦቫድያ ዝቅ ብሎ አንድ ነገር አለው። የሻሎሚ ፊት ተለወጠ። ጥቁር መነጽሩን አወለቀ።

ገባኝ። ዝም እንዲልለት ብሎ ነግሮታል። ሻሎሚ ደግሞ የዚህ አገር ሰው ነው፤ ሐዘን ከሰማ ሄዶ እጅ መጨበጥ አለበት። እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱን አጥቁሮ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጋሼ ፈረደ ጀርባ መራመድ ጀመረ። ኦቫድያ «ሻሎሚ፣ ሻሎሚ» ይላል ከኋላ። ማሽኑ ጠፍቶ ስለነበር ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሻሎሚ «ፈረደ፣ ወንድሜ—» ብሎ አፉን ከፈተ።

የውሃውን ጎማ አዙሬ ለቀቅሁበት። ደረቱን ነው ያገኘሁት፤ ከዚያ አፉን። በዚያችው ቅጽበት ማሽኑ አጓራ። ሻሎሚ ምን እንዳለ እኔም አልሰማሁ፣ ማንም አልሰማ። ጋሼ ፈረደ ሳይዞሩ ማሽኑን የሻሎሚ አጋላ ፓራፋንጎ ላይ ይዘው ቆመዋል። ኦቫድያ ሰውዬውን ጎትቶ አወጣው፤ ደጅ ላይ በፎጣ እያደረቀ ሲለምነው ይሰማኛል።

ማሽኑ ጠፋ። ጋሼ ፈረደ እጃቸውን በጨርቁ እየጠረጉ «ትርንጎ» አሉኝ፣ «ደንበኛ ማጠብ የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ሳቅሁ። ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሊሆንብኝ ሲል ጎንበስ ብዬ የማይፈታውን የጎማ ቋጠሮ መፍታት ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይተው ጠሩኝ። «ነይ፣ እይ።» ጎንበስ አልኩ። ዱቄቱ ተጠርጎ ፓራፋንጎው ጥርት ብሏል። የቀላ ዓይኔን፣ ያበጠ አፍንጫዬን፣ ግንባሬ ላይ የተለጠፈውን ጠጉር ሁሉ አየሁ።

«ትታያለሽ?»

«እታያለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አልቋል» አሉ። ማበጠሪያቸውን አላወጡም።

ሻሎሚ እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ፣ አንድ ቃል ሳይናገር አጋላውን ወስዶ ሄደ። ጋሼ ፈረደ «እናንተ ውጡ፣ እኔ እዘጋለሁ» አሉን። ወሬው እንዳይደርሳቸው አደራ ስለተባልኩ ደጅ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ቆዩ። ወጥተው አብረን እስከ ሰፈራቸው ሄድን። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቲማቲም መወደድ አወራን። ፔሌፎናቸውን አልጠየቁኝም።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ከሕንጻቸው ሥር ሰው ተሰብስቦ ነበር። አባ ይርጋ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ቀጥለው፣ እኛ ሴቶቹ ከኋላ ደረጃውን ወጣን። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አባ ይርጋ ገፋ ሲያደርጉት ቀጥ ብለው ቆሙ።

ሳሎኑ ተጠርጓል። ሶፋው ተገፍቶ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ከጎረቤት የተዋሱትም አለበት። ጋሼ ፈረደ ታጥበው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መሐል ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ጥሩ ጓዳው በር ላይ ቆመው በዓይናቸው እኔ አልነገርኩትም ይሉናል። ጋሼ ፈረደ ተነሱ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ስመው አስቀመጡ። ከዚያ እንደ ደንቡ ጠየቁ።

«ምነው፣ በደህና ነው በጧቱ?»

አባ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፈረደ፣ ልብህን ጠንከር አድርግ። ብርቄ አርፋለች።»

ያን ጩኸት እስክሞት አልረሳውም። ወደ ፊት ሲወድቁ ሦስት ሰው ያዛቸው። «እህቴን» አሉ፣ «እናቴን» አሉ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ እያለቀሰ ሳለ ድምፃቸው ተለወጠና «አባቴን» ማለት ጀመሩ። ያን ኮሪደር የማያውቁት ግራ ተጋቡ። አባ ይርጋ ግን ያውቃሉ፤ ጭንቅላታቸውን አቅፈው «አልቅስ፣ ወንድሜ፣ የሱንም አልቅስ» ይሏቸው ነበር።

ረፈድ ሲል ለኦቫድያ ልንገረው ብዬ ወርክሾፑ ሄድኩ። ከእኔ ቀድሞ ከፍቶ ነበር። ከጋሼ ፈረደ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል፤ ስገባ አልዞረም። ግድግዳው ላይ ያለው ፓራፋንጎ ተሸፍኗል። ዱቄት በሚይዙበት ነጭ ጨርቅ፣ አራቱ ጠርዝ በቀጭን ሽቦ ታስሮ፣ እጥፋቱ ተስተካክሎ።

«መቼ ሸፈነው?» አለኝ።

«ትናንት። ልዝጋ ብለውን ስንወጣ።»

ኦቫድያ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ማጠቢያው ጋ ሄጄ ስልክ ያነሳሁበት ቦታ ላይ ቆምኩና ወደ ግድግዳው አየሁ። ጨርቁ ባይኖር ኖሮ ራሴን ከነእጄ፣ ከነአናቴ አየው ነበር። የሻሎሚ ፓራፋንጎ ዱቄት እስኪደርስ ያለቀ ነበር፤ ማሽን የሚፈልግ ሥራ አልቀረውም ነበር። ለምን እንዳስነሱት ያኔ ገባኝና ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ።

ሐዘናቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ጨርቁን ራሳቸው ፈቱት። ብዙ ጊዜ ታገስኩ፤ አንድ ቀን ግን አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ያውቁ ነበር።»

«አንች ውሸት አትችዪበትም» አሉኝ እየፈተጉ። «እጅሽን አናትሽ ላይ አድርገሽ የትምህርት ቤት ስልክ ትይኛለሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ቀኑን ሙሉ ብቻዎን ይዘውት።»

የብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነከሩት። «ያየሁት ያንችን ፊት ነው። መርዶ አልሰማሁም። ሰዎቹ ከሩቅ እየመጡልኝ ነበር፤ ቀድሜያቸው ባለቅስ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ? አንዴ ብቻዬን ሰምቻለሁ። ሁለተኛ እምቢ አልኩ።» ከዚያ ቀና ብለው «ሻሎሚን ግን ደህና አጥበሽዋል» አሉ። የብርቄን ነገር ከዚያ በኋላ አንስተን አናውቅም። ፍራሹ ላስቲኩ እንዳለበት ቀረ።

ወርክሾፑ ከተዘጋ ዓመታት አለፉ። እኔ ሌላ ሥራ ያዝኩ፤ ጋሼ ፈረደ ጡረታ ወጡ፤ በዓል ሲሆን እሄድላቸው ነበር። ባለፈው በሄድኩ ጊዜ ታመው አገኘኋቸው። እጄን ይዘው ስለ አሉሚኒየም ነው ያወሩኝ።

ትናንት ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሳሎኑን ጠረግሁ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ገፋሁ። ባለቤቴ ቆሞ አየኝ። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ የወጥ ቤቱን ወንበሮች ጨመረልኝ። ያነበብኩት ፊደል ነው፤ መርዶ አልሰማሁም። ዘመዳቸው አይደለሁም። ማንም ላይመጣ ይችላል ብዬ ፈርቻለሁ።

ጎሕ ሲቀድ ደረጃው ላይ የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። ልብሴን ለብሼ ተቀምጬ ነበር። አባ ይርጋ ናቸው፤ አርጅተዋል፤ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸዋል። ሳምኳቸው፣ አስቀመጥኳቸው።

«ምነው፣ በደህና ነው በጧቱ?» አልኩ።

«ትርንጎ» አሉኝ፣ «ልብሽን ጠንከር አድርጊ።» ተናግረው እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው። ከዚያ ጮህኩ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዙኝ።

በረድ ስል አንደኛዋ፣ የጋሼ ፈረደ ታላቋ ልጅ፣ እንባዬን በነጠላዋ እየጠረገች «አባቴ ነው አደራ ያለን» አለችኝ። «‹ትርንጎን በፔሌፎን እንዳትነግሯት፣ ሰው ላኩባት› አለ። ትንሹ ወንድሜ ግን ትናንት ለሰው ሁሉ ጽፎ ኑሯል። አንቺም ጋ ደርሶሽ ይሆን?» ፊቷ ላይ ጭንቀቱ ይታያል።

«አልደረሰኝም» አልኳት። «ከእናንተ ነው የሰማሁት።»